ፊት የሌለው አፍ

እኔ እንቁ ነኝ፣ የመካነ ሰላሟ ነቃሽ። ከአቀስታ እስከ ማሻ ስትስቅ ድዷ ጠቁሮ ጥርሷ እንደ ወተት የሚነጣ ሴት ካያችሁ፣ ወይ እኔ ነቅሻታለሁ ወይ ነፍሷን ይማርና እናቴ ነቅሳታለች። ሰባት መርፌ በክር አስሬ፣ የኩራዝ ጥላሸት በቅጠል ጭማቂ ለውሼ ስንቷን ኮረዳ አስለቅሻለሁ። ለውበት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ድዴ ደማ፣ ጥርሴ ተነቃነቀ፣ አፌ ሸተተ የሚል ሁሉ የሚመጣው እኔ ዘንድ ነበር። ውጊልኝና ክፉው ደም ይውጣ ይሉኛል፤ እወጋለሁ፤ ይጠቁራል፤ መቅላቱ አይታይም፤ መርቀውኝ ይሄዳሉ።

የእንዲህ ያለች እናት ልጅ ምን ሆኖ ቢመጣ ጥሩ ነው? የጥርስ ሐኪም! ሙላው አንድ ልጄ ነው። ደሴ ተምሮ መጣና ከመናኸሪያው ከፍ ብሎ ካለ አንድ የግል ክሊኒክ ተቀጠረ። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሰላም የለውም። እሱ፣ እማዬ አንቺ በሽታውን ቀለም ትቀቢዋለሽ እንጂ አታድኚውም ይለኛል። እኔም፣ አንተን ደሴ ድረስ ያስተማረህ ይኸው ቀለም ነው እለዋለሁ። ይኮርፋል። ወጡ ሲሸተው ይመለሳል።

በ2008 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ ፌስቡክ ላይ ስለ ድድ የሚያስተምር ገጽ ከፈትኩ ብሎ መጣ። ክሊኒክ እኔ ጋ ከሚመጡት አሥር ሰዎች ሰባቱ ድዳቸው ታሟል፣ መታመማቸውን ግን አያውቁም፤ ደም ሲተፉ እያደሩ ጤና ነው ይላሉ አለኝ። የቀበሌው የአንድ ለአምስት ስብሰባ ላይ ስለ መጸዳጃ ቤትና ስለ ማዳበሪያ ይወራል፣ ስለ ድድ ማን አወራ? ወጣቱ ግን ሁሉም ስልክ ይዟል፣ ዐረብ አገር ያሉትም ከስልክ ሌላ መጽናኛ የላቸውም፣ ስለዚህ እዚያ ነው ማስተማር አለ። እኔ ሳቅኩበት። ሰው ፌስቡክ የሚከፍተው ሙሽራ ሊያይ እንጂ የሰው አፍ ሊያይ ነው እንዴ አልኩት።

ለካ የሰው አፍም ያያል። አንድ ቀን ምሳ ላይ ተቀምጠን ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀነው። ሦስት ሺህ ሰው ሼር አድርጎታል ብሎ ፊቱ ሁሉ ጥርስ ሆኗል። አየሁት። ጓንት ያጠለቁ ሁለት ጣቶች የላይኛውን ከንፈር ወደ ላይ ገልብጠውታል። ድዱ ጠቁሯል፣ ጥርሱ ሥር ግን እንደ በሰለ ቲማቲም አብጦ ቀልቷል፣ በአንዱ ጥግ ደም አቅርሯል። ከበላዩ፣ ንቅሳት የድድን በሽታ ይደብቃል እንጂ አያድንም፣ ድድዎ ከደማ ይመርመሩ የሚል ተጽፏል። ዓይን የለ፣ አፍንጫ የለ፣ ስም የለ።

ጉርሻዬን ትቼ ስልኩን ወደ ዓይኔ አቀረብኩ። በግራ በኩል፣ ከክራንቻዋ በላይ፣ ምስር የምታህል ያልጠቆረች ቦታ አለች። ያችን ቦታ አውቃታለሁ። ልጅቷ አሥራ አምስት ዓመቷ ሳለ ስወጋት አስነጥሷት እጄ ዘለለ፤ ዳግመኛ እንዳልነካው ስለለመነችኝ እንዳለ ተውኩት። የፊት ጥርሷም አንዱ በአንዱ ላይ ትንሽ ተደርቧል። ዝናሽ ናት።

ዝናሽ የክርስትና ልጄ ናት። እናቷ ከሞተች ወዲህ ጓዳዬ ውስጥ ያደገች ልጅ ናት ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ጅዳ አራት ዓመት ሠርታ፣ በ2006 ሰው ሁሉ ሲባረር አንድ ሻንጣ ይዛ ተመለሰች። አገሩ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ዐረብ አገር ደርሳ ባዶ እጇን የገባች ሴት አንገቷን ደፍታ ነው የምትሄደው። ድዷ ይደማ ነበር። ሁለት ጊዜ ወጋሁላት። ሦስተኛውን ግን እኔ ጋ አልመጣችም። ለካ በጓሮ በር ልጄ ክሊኒክ መመላለስ ጀምራለች። ቅናት በሉት፣ የእልህ እንባ ዓይኔን ሞላው።

የባሰው ግን ሌላ ነው። ዝናሽ ታጭታ ነበር። የአቀስታ ሰው ነው፣ ሞላ ይባላል፣ ኩዌት ይሠራል። በኢሞ እያዩ፣ በኢሞ እየሳቁ ዓመት ቆይተው ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። ያቺ ልጅ ከስልኩ ፊት ተቀምጣ ስትስቅ ሳያት፣ እኔም አሮጊቷ ልብሴን አስተካክል ነበር። በሃያ ስድስት ዓመቷ ከወደቀችበት የምትነሳው በዚህ ሠርግ ነበር። ሌላ ምንም የላትም።

ሙላውን ምን እንዳልኩት ሁሉን አልነግራችሁም። እሱ መጀመሪያ ተከራከረኝ። ፊቷ የት አለ? ስሟ የት አለ? ራሷን ጠይቄያት ፊቴ ካልታየ ይሁን ብላ ፈቅዳልኛለች አለ።

"አንተ ልጅ" አልኩት፣ "ደሴ ምን አስተማሩህ? በዚህ አገር እኮ ድድም ፊት ነው። አንዷ የአንዷን ንቅሳት ሳታውቅ ያደገች ሴት የት አለች?"

ስልኩን ከእጄ ወሰደ። እዚያው ፊቴ ሰረዘው። ቢሰርዘው ምን ዋጋ አለው፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ፎቶው ከስልክ ስልክ ዞሯል። በስተኋላ፣ ሌሎች ገልብጠው በለጠፉት ላይ ሰዎች ከሥሩ የጻፉትን አንብብልኝ አልኩት። አንዷ ከቤሩት፣ ይቺ የእትዬ እንቁ እጅ ናት፣ አገሬ ትዝ አለኝ ብላለች። አንዱ፣ እንግዲያው የመካነ ሰላም ልጅ ናት ይላል። ሌላዋ ደግሞ ጅዳ አብራት የሠራች ትሆናለች፣ ያንን የተደረበ ጥርስ አውቀዋለሁ ብላ ስሟን ከነአባቷ ጽፋዋለች። ይህችን ሴት ባገኛት ኖሮ ሰባቱን መርፌ ምላሷ ላይ ነበር የምሰካው።

አምስት ቀን ሙሉ በር በተንኳኳ ቁጥር ደነገጥኩ። በአምስተኛው ቀን ዝናሽ መጣች። ሞላ ደውሎላት ነበር። አልጮኸባትም። የኔ ዓለም፣ ይሄ አፍ ያንቺ ነው? ብሎ ብቻ ጠየቃት። እሷም ደንግጣ ስልኩን ዘጋችው። ከዚያ ወዲያ ስትደውል አያነሳም። ፎቶውን አቀስታ ላለችው እናቱ ለንግሥቴ ልኮላታል። ንግሥቴም መልእክት ሰደደች፦ የዐረብ አገር በሽታ ደብቃ ቤቴ አትገባም፤ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ጋሽ ቸኮል ቤት እንሰብሰብ፣ ነቃሿም ትምጣና እጇ መሆን አለመሆኑን ትናገር። ጋሽ ቸኮል የሽምግልናው አባት ናቸው፣ ቤታቸው ከእኛ ሦስት ቤት አለፍ ብሎ ነው።

እኔ ወዲያው ዘዴ አገኘሁ። እጄ አይደለም እላለሁ፣ በቃ፤ የኔን እጅ ከኔ በላይ ማን ያውቃል? ዝናሽ ግን ራሷን ነቀነቀች።

"እማዬ፣ መደበቅ ሰለቸኝ" አለች። "ብትዋሺልኝ ከነገ ጀምሮ ክሊኒክ መሄድ አልችልም። ጥርሴ አንድ በአንድ ሲወድቅ ምን ልላቸው ነው? እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ። አንቺን ሲጠይቁሽ እጄ ነው በይ፣ ከዚያ በኋላ አንድ ቃል እንዳትጨምሪ። ምላስሽን ስለማውቀው ነው።"

በእመቤቴ ማልኩላት። አንድ ቃል።

ለእሷ ያልነገርኳት ነገር ግን ነበር። ንግሥቴን አውቃታለሁ። ሦስት ጊዜ እኔ ቤት መጥታለች፣ ሦስቱንም በገበያ ቀን፣ ጨው ልገዛ ነው ብላ ከአቀስታ ሚኒባስ ተሳፍራ። ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ገባች። የታችኛው ድዷ ሲነኩት ይደማል፣ ሁለቱ የፊት ጥርሶቿ ከጣቴ ሥር ይነቃነቃሉ። ወግቼ አጠቆርኩላት። ስትወጣ እጄን ይዛ፣ ባሌም አያውቅም፣ እባክሽ አለችኝ። እናቴ የነቃሽ ቤት የንስሐ ቤት ነው ትል ነበር፤ እዚያ የታየ እዚያው ይቀራል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የማንንም አፍ ለማንም አውርቼ አላውቅም። ምላሴ ለሁሉም ነገር ረጅም ነው፣ ለዚህ ግን አጭር ነበር።

እሁድ ደረሰ። ጋሽ ቸኮል ቤት ገባን። እሳቸው መደቡ ላይ፣ ሌላ አንድ ሽማግሌ ከጎናቸው፤ ንግሥቴ ከወንድሟ ጋር በአንድ በኩል፣ እኔና ዝናሽ በሌላው። ንግሥቴ እንዳየችኝ ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገች። ዓይን ለዓይን ተጋጠምን። የማውቀውን ታውቃለች። እኔም ማወቋን አወቅኩ። ወንድሟ ስልኩን አውጥቶ ፎቶውን ለጋሽ ቸኮል ሰጣቸው፤ እሳቸውም መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩት።

ዝናሽ እስክትጠየቅ አልጠበቀችም። ተነስታ ቆመች።

"አፉ የኔ ነው" አለች። ድምፅዋ ቀጥ ያለ ነበር። "የዐረብ አገር በሽታ አይደለም። ከመሄዴም በፊት ይደማ ነበር፤ የሁሉም ሰው ይደማል ብዬ ዝም አልኩ። ጅዳ ሐኪም የሚያሳየኝ ማን ነበር? አሁን እየታከምኩ ነው። ጥርሴ ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተጠርጎልኛል፣ ሁለት ቀጠሮ ይቀረኛል። ትራሴ ላይ ደም ካየሁ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ለሞላ ያልነገርኩት አፍሬ ነው። ጥፋቴ እሱ ነው፣ ሌላ የለም።"

ጋሽ ቸኮል ወደ እኔ ዞረው፣ እንቁ እጅሽ ነው? አሉኝ። እጄ ነው አልኩ። ሌላ ሃምሳ ቃል ጥርሴ ጀርባ ተሰልፎ ነበር፤ ዋጥኩት። ዝናሽ በሻርፗ ሥር እጄን ጨበጥ አደረገችኝ።

ከዚያ ንግሥቴ ተናገረች። ትቆጣለች ብለን ስንጠብቅ፣ ቀስ ብላ፣ ጥርሱ ይወድቃል ወይ? ብላ ጠየቀች። ዝናሽ፣ ቶሎ ከታከመ አይወድቅም ብሎኛል እናቴ፣ እርስዎ አያስቡ አለቻት። ንግሥቴ ደግሞ፣ ቶሎ ማለት ስንት ጊዜ ነው? የቆየ ከሆነስ? አለች። ሽማግሌዎቹ ስለ ልጅቷ የምትጨነቅ መስሏቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። የገባኝ እኔ ብቻ ነበርኩ። ዝናሽም ምኑንም ሳታውቅ፣ የቆየም ቢሆን ይሞከራል፣ ሙላው ሴቶችን ለብቻ በጓሮ በር ያስገባል ብላ በትሕትና አስረዳቻት።

"ይሁን" አለች ንግሥቴ በመጨረሻ። "ሕክምናሽን ጨርሺ። ለልጄ እኔ ደውዬ እነግረዋለሁ፤ ሠርጉ በቀጠሮው ይሁን።"

ጋሽ ቸኮል ተመስገን አሉ። ዝናሽ ጎንበስ ብላ የንግሥቴን ጉልበት ሳመች። አበቃ፣ ተፈጸመ! ያን ጊዜ ብድግ ብዬ ብወጣ ምን ነበረበት?

ንግሥቴ ግን ለወንድሟ ይሁን ለሽማግሌዎቹ፣ ለክብሯ ያህል አንድ ነገር ጨመረች። ብቻ በእኛ ዘር እንዲህ ያለ አፍ ታይቶ አያውቅም፤ ልጄ ደግ ሆኖ ነው እንጂ ማንም አያገባትም ነበር አለች። ይህን ስትል የዝናሽን ፊት አየሁት። ዋጥ አድርጋ አሳለፈችው፤ አንገቷን ብቻ ትንሽ ደፋች። ያ አንገት መድፋቷ አቃጠለኝ። ከጅዳ ከመጣች ጀምሮ ስትደፋው የኖረችው አንገት ነው። ደሜ ፈላ። ከዚያ በኋላ የሰማሁት የራሴን ድምፅ ነው።

"በእናንተ ዘር?" አልኳት። "የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ሲባል ነበር የማውቀው፤ አንቺ ተወግተሽ ረሳሽ? ሦስት ጊዜ ጨው ልገዛ ብለሽ መጥተሽ ማን ነው ድድሽን ያጠቆረልሽ? እነዚያ ታች ያሉት ሁለት ጥርሶች አሁንም በጣት ይነቃነቃሉ፣ ወይስ ወድቀው ነው ነጠላ የምትነክሺው?"

ሁሉም ሰው፣ ጋሽ ቸኮልም ጭምር፣ አፏን አየ። ሰው ነውና ማየቱ አይቀርም። እሷም ልትመልስልኝ አፏን ከፈተች፣ ሁሉም እንደሚያያት ገባትና መልሳ ዘጋችው። ወንድሟ ዓይኑን ወደ ግድግዳው አዞረ። ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዶ ነበር። ዝናሽ ሄዳ አነሳችላት።

ንግሥቴ በሩ ላይ ቆመች። እኔን አላየችኝም። ዝናሽን ነው ያየቻት።

"ልጄ፣ አንቺን አልጠላሁሽም" አለቻት። "ግን እንግዲህ በዚያ ሠርግ ላይ ቆሜ በማን ፊት እስቃለሁ?"

ወጣች። ጋሽ ቸኮል እስከ መናኸሪያው ተከትለው ለመኗት፣ አልሰማቻቸውም። ማክሰኞ ሞላ ደወለ። እሱም እያለቀሰ ነበር አሉ። እናቴን በአደባባይ ካዋረደ ቤት ሚስት ባመጣ እናቴ ትሞትብኛለች፣ ማሪኝ ብሎ ዘጋው። በቃ፣ እንዲህ ነው ያለቀው።

ሙላው ነገሩን ሲሰማ ይጮህብኛል ብዬ ነበር። አልጮኸም። ሳህኑን ገፋ አድርጎ፣ ያቺ ሴትዮ ልትታከም እኮ ነበር እማዬ፣ አሁን ማን ያመጣታል? ብሎ ወጥቶ ሄደ። እኔም ለብቻዬ ተቀምጬ በሆዴ ተከራከርኩ። ስድቡን ማን ጀመረው? ለልጄ ባልቆም ምን ዓይነት እናት ነኝ? እያልኩ ራሴን ነፃ ሳወጣ ሰነበትኩ።

ሐሙስ ዝናሽ መጣች። ከክሊኒክ ነው የመጣችው፤ ቀጠሮዋን አላስቀረችም። ጉንጯ በማደንዘዣው ትንሽ አብጧል። ብታለቅስ አቅፋት ነበር፣ ብትሰድበኝም እመልስላት ነበር። ጉንጯን ይዛ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። እኔው ቀደምኳት። ለአንቺ ብዬ ነው አልኩ። አንገትሽን ስትደፊ አላስችል ብሎኝ ነው አልኩ። ቀና ብላ አላየችኝምና ቀጠልኩ። ይሄ ሁሉ መዘዝ የመጣው እኮ ከኔ ምላስ አይደለም፣ ከዚያ ከሙላው ፎቶ ነው፤ አፍሽን ለዓለም ያሰጣው እሱ ነው አልኩ።

ዝናሽ ቀና ብላ አየችኝ። ከደነዘዘው ከንፈሯ ቃሉ ቀስ እያለ ነው የወጣው።

"ሙላው እንኳ ፊቴን ሸፍኖልኝ ነበር" አለችኝ።